ከውሃ ጉድጓዱ በኩል

ሞራቫ ዳር፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1963

ለልጄ ለዳሪንካ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ዕለት ደረሰን። እናትሽ ሩዢትሳ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለጎረቤት፣ አንዴ ለራሷ። ለጤናችን ደህና ነን። የቀይ ቃሪያው ድልህ ተሠርቶ በብርጭቆ ዕቃ ታሽጓል። ሁለቱ ያንቺ ናቸው፤ የቤልግሬዱ አውቶቡስ ሹፌር ሚሎራድ ይዞልሽ ይመጣል። መንገድ ላይ ተሰበረ ካለሽ አትመኚው። አምና ለወንድሜ ልጅ የተላከውንም ተሰበረ ያለው ከንፈሩን እየጠረገ ነበር።

የነገርን ጎን ከወረቀት ላይ እንዴት ታየዋለህ ብለሽ የጠየቅሽኝን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። እናትሽ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ተቀምጬ ሳስበው፣ ለካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞዴል ስሠራ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ንድፍ ያመጡልኛል፣ አያለሁ፣ እንጨቱን እጠርባለሁ። የጠረብኩትን አሸዋ ውስጥ ቀብረው ያወጡታል፤ በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠ ብረት ያፈሱበታል። ብረቱ የሚወጣው እንጨቴን መስሎ ነው። እኔ ከተሳሳትኩ ብረቱም ይሳሳታል። እስከ ዛሬ አልተሳሳተም።

እንግዲህ ስሚኝ። የነገርን ጎን ለማየት ወረቀቱ ላይ አታፍጥጪ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊቱ ብቻ ነው። ይልቅ ቤታችንን አስቢ። መንገድ ላይ ቆመሽ ስታዪው በሩና ሁለቱ መስኮቶች ይታዩሻል፤ ይህ የፊት እይታው ነው። በግራ የፕለሙ ዛፍ አለ፣ በቀኝ የውሃ ጉድጓዱ። አሁን ሂጂና ፕለሙ ሥር ቁሚ። የቤቱን ጎን ታያለሽ። መንገዱ በየት በኩል ሆነ? በቀኝ እጅሽ። ጓሮውስ? በግራ። ያየሽውን ሣዪና ከፊት እይታው በስተቀኝ አስቀምጪው። ከግራ ያየሁትን ለምን በቀኝ ብለሽ አትከራከሪኝ። ቤቱን እንደ ሳጥን ወደ ቀኝ ብትገለብጪው ወደ ላይ የሚዞርልሽ የግራ ጎኑ ነው። በኛ ወርክሾፕ ለለማጅ የምንነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግራ እይ፣ በቀኝ አስቀምጥ። እኔንም ጌታዬ እንዲሁ ብሎ አስተማረኝ፣ ጥፊ ጨምሮበት።

ካልሆነልሽ ሳሙና ግዢና ቅረጪ። እጅ የነካውን ዓይን አይረሳም።

አትፍሪ። የምሠራበት ብረት ማቅለጫ ከሠራተኛ ልጆች መካከል ሴት መርጦ ወደ ከፍተኛ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲልክ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ያ ብረት አፍሳሹ ስቶያን "እስከ በጋ ተመልሳ ቲማቲም ፋብሪካ ትገባለች" ብሎ በአንድ ደምጃን የፕለም አረቄ ተወራርዶኛል። አረቄው ጥሩ ነው። ውርርዱን እንዳታስበዪኝ።

አባትሽ ቦጎሉብ


ቤልግሬድ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1963

ለአባባና ለእማማ፣

ለቅዱስ ኒኮላ በዓላችን ስላልመጣሁ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል ሲሉ ሰምቼ ቀረሁ። ሻማውን ማን እንደለኮሰው፣ ዳቦውን ማን እንደቆረሰው፣ የእኔን ድርሻ ማን እንደበላው ጻፉልኝ። የበላው አባባ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እሱ ራሱ አምኖ እንዲጽፍልኝ እፈልጋለሁ።

ድልሁ ደርሶኛል፣ አንዱ ብቻ። ሌላው ተሰበረ አለኝ ሚሎራድ። ከንፈሩን አየሁት፤ ጠርጎታል።

አዎ እማማ፣ እበላለሁ። አዎ፣ የሱፍ ካልሲውን አደርጋለሁ። አይደለም፣ ማንም ወንድ ቤት አላደረሰኝም።

አባባ፣ ሳሙና መቅረጹን ይዤዋለሁ። የቤት አከራዬ ወይዘሮ ኦልጋ ግን ተቸግራለች። ባለፈው "እጄን ልታጠብ ብዬ ደረጃ ያለው ቤተ ክርስቲያን አነሳሁ፤ አሁን ይህን ልታጠብበት ነው ወይስ ልሳለመው?" አለችኝ። ክፍሌ ውስጥ አሥራ አራት የሳሙና ቅርጽ አለ። ሁሉም ሲዳሰስ ይገባኛል፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ይጠፋብኛል። ከዘጠና ተማሪ አራት ሴቶች ነን። ረዳት አስተማሪው አንድ ቀን ንድፌን አንስቶ ለክፍሉ እያሳየ "ሴት ልጅ የሰው ፊት እንጂ የነገር ጎን አታይም" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ ሳስበው ያናድደኛል።

ስለ ንድፍ ፈተናው ለጠየቅኸኝ፣ ውጤቱ ገና አልተለጠፈም። ደህና ነው። ሲለጠፍ እጽፋለሁ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። መስመርህ ለምን ወደ ላይ ይወጣል? የኦክቶበሩ ደብዳቤህ ቀጥ ያለ ነበር። የኖቬምበሩ ግን ዳገት ይወጣል፤ ሁለት ቦታም ቃል በቃል ላይ ጽፈሃል። አንተ በእጅህ ያሰመርከውን መስመር ከማስመሪያ የሚለይ ሰው አልነበረም። አሞህ ከሆነ ንገረኝ።

ልጃችሁ ዳሪንካ


ሞራቫ ዳር፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1964

ዳሪንካ፣

እዚህ በረዶ የለም። በዲሴምበርም አልነበረም። ሚሎራድ አንድም ቀን ጉዞ አላቋረጠም፤ ያንን ሰው ከድልህ በቀር የሚያስቆመው ነገር የለም። ድርሻሽን የበላሁት እኔ ነኝ። በሩን በሩን እያየሁ ነው የበላሁት።

የስቶያን እህት ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት መሆኑን ረስተሻል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስም ዝርዝር አይቶ ለአጎቱ ጻፈለት። ሁለት ጊዜ ተፈትነሽ ሁለቱንም ወድቀሻል። ስቶያን ወርክሾፑ ውስጥ ጮክ ብሎ ነገረን፤ እኔ ከመስማቴ በፊት የጠራጊዋ እህት ሰምታለች። "ጁን ላይ ያለው ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ያንን ከጣለች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡታል። ቲማቲሙ እየቀላ ነው ቦጎሉብ" አለኝ። መሮዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

መውደቅሽ አላስቆጣኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ጥሩ እንጨት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ያስቆጣኝ መደበቅሽ ነው። በኛ ሙያ የማይታይ ነገር አለ እንጂ የሚደበቅ ነገር የለም። ከቆምሽበት በኩል ሌላ ነገር ጋርዶት የማይታይሽን አካል አትተዪውም፤ በተቆራረጠ መስመር ትሥይዋለሽ። ያያት ሁሉ "አሃ፣ ከኋላ አንድ ነገር አለ" ይላል። የማይታየውን ጨርሶ የተወ ነዳፊ ግን ውሸታም ነው፤ በሱ ንድፍ ብረት ቢፈስ ሰው ይጎዳል። አንቺ "ደህና ነው" ብለሽ ስትጽፊልኝ አንዲት የተቆራረጠች መስመር እንኳን አላሰመርሽልኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ እንጨት ሠሪ ነኝ፣ ምን ምን እንደሚነቅዝ አውቃለሁ።

የእኔ መስመር ዳገት የወጣው የጠረጴዛው እግር አጥሮ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። አብሮ ያለው ሰማያዊ ወረቀት የንድፍ ቅጂ ነው፤ ለማንም አታሳዪው። ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ የመጣልን የመጀመሪያው ሥራ ነው። በእጅ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ አካል፣ አራት መቶ ፍሬ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና "ጓድ ቦጎሉብ፣ ይህን ሞዴል ካንተ በቀር ለማንም አልሰጥም" አለኝ። ሁሉም ሰማ። ስቶያንም ሰማ። ጡረታ ልወጣ ዘጠኝ ወር ቀርቶኛል፤ ከዚህ ያማረ መሰናበቻ ከየት ይመጣል?

ንድፉ ሁለት እይታ ብቻ አለው፤ የፊቱና በስተቀኙ የተቀመጠው የጎኑ። በግራ ጫፍ ቧንቧ የሚገባበት ክብ አንገት አለ። በቀኝ ጫፍ በብሎን የሚታሰር ሰፊ ገበታ አለ። አናቱ ላይ ደግሞ እጀታው የሚያያዝበት ጆሮ አለ፣ ወደ አንድ በኩል ሸሸት ያለ። ነዳፊው ሰነፍ ነው። ከግራ ለሚያይ ሰው አንገቱ ከሁሉ ፊት ያለ ሆኖ ሳለ፣ ጎኑ ላይ ክቡን በተቆራረጠ መስመር ሥሎታል። እርሳስ ቆጥቦ ይሆናል። እኔ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።

አንቺ ከሁለቱ ተነስተሽ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሥለሽ ላኪልኝ። የእኔ ሞዴል አልቆ ቀይ ቀለሙን ተቀብቷል፤ የሣልሽውን አጠገቡ አድርጌ አየዋለሁ። ጁን ላይ ትወጪዋለሽ። አረቄው አሁንም ጥሩ ነው።

አባትሽ


ቤልግሬድ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1964

አባባ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ቃል ጽፌ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ የሚጨመርበት ነገር ስላጣሁ እንዲሁ ብቻውን ልኬዋለሁ። አዎ፣ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ለቅዱስ ኒኮላ ያልመጣሁትም ዓይንህን ማየት አፍሬ ነው። ከእንግዲህ ቢያንስ በተቆራረጠ መስመር እነግርሃለሁ።

ለማንም አታሳዪው ላልከኝ፣ ንድፉን ለማንም አላሳየሁም። ወይዘሮ ኦልጋ አይታ "ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ሳሙና ነው?" አለች እንጂ።

አራት ቀን አየሁት። አንድ ሥዬ እንድልክ ነበር ያዘዝከኝ፣ ሁለት ልኬልሃለሁ። አንደኛው አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ፕለሙ ሥር ቆሜ ያየሁት ነው፤ የእጀታው ጆሮ ወደ ጓሮ ዞሯል። በሁለተኛው ጆሮው ወደ መንገድ ነው። ሁለት የሆነው ለመጫወት አይደለም። አንዱን ልመርጥ ብል እጄ እንቢ አለኝ።

ምክንያቱ ያ የተቆራረጠ ክብ ነው። የጃንዋሪውን ደብዳቤህን አጠገቡ ዘርግቼ አየሁት፤ የማይታየውን አትተዪም፣ በተቆራረጠ ትሥያለሽ ብለኸኛል። አባባ፣ ነዳፊው ሰነፍ ባይሆንስ? አንገቱን የቆራረጠው በእውነት ስላልታየው ቢሆንስ? አንገቱ የሚጋረደው ከሰፊው ገበታ በኩል ለቆመ ሰው ነው። ያ ከሆነ ሰውየው ፕለሙ ሥር አልቆመም።

ሌላም አለ። ከታች በቀኝ ጥግ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ የተጋደመ ባልዲ የመሰለች፣ አጠገቧ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያሉ ሁለት ክቦች። ወረቀቱን ሳላሳይ ምልክቷን ብቻ በእጄ ሥዬ የቤተ መጻሕፍቱን ሽማግሌ ጠየቅሁት። መሰላል ወጥቶ አቧራ የጠጣ መጽሐፍ አወረደልኝ። አሜሪካኖቹ እንደኛ አይገለብጡም። ከቀኝ ያዩትን እዚያው በቀኝ ያስቀምጣሉ። ምልክቷም የምትለው ይህንኑ ነው።

እኔ ሁለቴ የወደቅሁ ነኝ፣ አንተ ደግሞ አንድም ቀን ተሳስተህ አታውቅም። እንግዲህ የተሳሳትኩት እኔ ብሆን ነው የሚሻለው። ብቻ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ብረቱ የሚፈሰው መቼ ነው?

ልጅህ ዳሪንካ


ሞራቫ ዳር፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1964

ዳሪንካ፣

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር። ለካ ለአባትም ይደርሰዋል።

የላክሻቸውን አየኋቸው። የመጀመሪያው ከሞዴሌ ጋር አንድ ነው፣ እሱን ይዘሽ ብትቀሪ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውን አጥፌ ከጠረጴዛው እግር ሥር አድርጌዋለሁ። ባልዲ የምትዪው የለም። ጥጉን አይቼዋለሁ፤ የቀለም ጠብታ ነው። ከግራ እይ፣ በቀኝ አስቀምጥ። እኔ ይህን ስሠራ ያ መጽሐፍ አልታተመም።

ብረቱ ሰኞ ማርች 2 ቀን ይፈሳል። አንቺ ስለ ፈተናሽ አስቢ።

አባትሽ

(በፖስታው ክዳን ውስጥ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት)

ዳሪዬ፣ እናትሽ ነኝ። እሱ ሳያየኝ ነው የምጽፈው፤ እሱ ሳያይ መጻፍ ዘንድሮ ቀላል ሆኗል። ግራ ዓይኑን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ ይወጣል ብሎታል፣ እሱ ግን ሞዴሉን ሳልጨርስ ለማንም አትናገሪ ብሎ አስምሎኛል። ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። የሰማያዊውን ወረቀት ጥግ በማጉያ መነጽር አየሁት። ባልዲዋ አለች፣ ሁለቱ ክቦችም አሉ። ብነግረው "ስለ እንጨት ምን ታውቂያለሽ" ብሎ ጮኸብኝ። ሠላሳ ዓመት የእንጨት ብናኝ ከሸሚዙ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤ አይደርስም፣ ሌላ መላ ፈልጊ።


ቴሌግራም፣ ከቤልግሬድ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1964

አባባ ከፕለሙ ሳይሆን ከውሃ ጉድጓዱ በኩል ቁም። መንገዱ በግራ እጅህ ይሆናል። ጆሮው ወደ መንገድ ነው። ሁለቱን ወድቄያለሁ ይህን ግን አይቻለሁ። አታስፈስስ። ዳሪንካ


ሞራቫ ዳር፣ ማርች 8 ቀን 1964

ለልጄ ለዳሪንካ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ ይህን ቃል አሁን በሙሉ መስመር ልጽፈው እችላለሁ። የምትጽፈው እናትሽ ናት፤ እኔ እናገራለሁ። ያላልኩትን ነገር ካየሽ የሷ ነው።

ሰኞ ዕለት ስለሆነው ሁለት ጊዜ ጽፈሽ ጠይቀሽኛል። መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። ልናገር ስጀምር እየተነሳሁ ወደ ግቢ እወጣለሁ። (አልቅሷል። ሩዢትሳ።)

ቴሌግራሙ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ፖስተኛው ራሱ ከፍቶ አንብቦት "ቦጎሉብ፣ ይህ የስለላ ነገር ነው እንዴ?" አለኝ። አባረርኩትና ግቢው ውስጥ ብዙ ተንጎራደድኩ። በመጨረሻ ሄጄ ጉድጓዱ ጋ ቆምኩ። ታውቂያለሽ፣ እዚህ ቤት ስኖር ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ በኩል አይቼው አላውቅም። ውሃ እቀዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እመለሳለሁ። ቀና ብዬ ሳየው የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ። የጭስ ማውጫው ወዲህ ነው፣ የእናትሽ ትንሿ መስኮትም አለች። እጄን ዘረጋሁ። መንገዱ በግራ እጄ ነበር። ያንቺን ሁለተኛ ንድፍ ከጠረጴዛው እግር ሥር አወጣሁት። ጠረጴዛው አልተነቃነቀም። (ነግሬው ነበር። ሩዢትሳ።)

ሰኞ ማቅለጫው ስደርስ አሸዋው ተጠቅጥቋል፣ ምድጃው ነዷል፣ ስቶያን ጓንቱን አጥልቋል። "አታፍስሱ" አልኩ።

"ምን ሆንክ? ታመምክ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ፣ ታምሜያለሁ። ግራ ዓይኔ አያይም። ሞዴሉም የተገለበጠ ነው። እንዲህ ከወጣ እጀታው ውሃ ወደሚቀዳው ሰው መሆኑ ቀርቶ ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ አራት መቶውም ቁርጥራጭ ብረት ነው።"

ሥራ አስኪያጁን ጠሩት። ንድፉን፣ ያንቺን ወረቀትና የእኔን ቀይ ሞዴል አቀራርቦ ብዙ አየና "ይህን ማን አየው?" አለ።

"ልጄ" አልኩ።

ስቶያን ዝም አይል። "የትኛዋ ልጅህ? ያቺ ሁለቴ የወደቀችው?"

"እሷው ናት" አልኩት። "አንተ አንዴም ሳትወድቅ አጠገቡ ቆመህ አላየኸውም።"

ለማጆቹ ሳቁ፣ ሥራ አስኪያጁም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ስቶያን ራሱ ጓንቱን አውልቆ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እኔ ደግሞ አራት መቶውን ልለቅም ነበር" አለ። ከዚያ ጆሮውን በመጋዝ ቆርጬ ወደ መንገድ በኩል ሳዛውረው መብራቱን የያዘልኝ እሱ ነው። ልክ አይደለም ያልኩትን መስመር ሁሉ ደግሞ ለካልኝ። ሐሙስ ፈሰሰ። ንጹሕ ወጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የምኮራው አልተሳሳትኩም እያልኩ ነበር። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ስል ጀርባዬ የሚጎብጥ መስሎኝ ነበር፣ አልጎበጠም። ልጄ አየችው ብዬ ስናገር እንዲያውም ከጌታዬ እጅ ምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩበት ቀን ይልቅ ኮርቻለሁ። ይህን በቃል ልነግርሽ አልችልበትም፣ ስለዚህ እናትሽ ጽፋዋለች።

አንቺን ደብቀሽኛል ብዬ ስቆጣ እኔም ዓይኔን ደብቄሽ ነበር። እኩል ነን። በሜይ ክራጉዬቫትስ ከተማ ሆስፒታል ሄጄ ሞራውን ያወጡልኛል። ጁን ያንቺ ነው።

አባትሽ ቦጎሉብ፣ በሩዢትሳ እጅ


ቤልግሬድ፣ ጁን 24 ቀን 1964

ለአባባና ለእማማ፣

የዓይንህ መሸፈኛ ተነሳ ሲሉኝ ወይዘሮ ኦልጋን ሳምኳት። ስለ ብርሃኑ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እማማ እንዲህ ሸብታ እንደሆነ አላወቅሁም ማለትህ ግን ምሳ አያስገኝልህም። እዚህ ሙቀቱ በርትቷል፣ ቼሪው ረክሷል፣ ሳሙናም በዝቷል። ወይዘሮ ኦልጋ አንዱን ቅርጽ ለማስታወሻ አስቀርታዋለች፤ አትታጠብበትም።

እሺ፣ እማማ አሁን "ወደ ነገሩ ግቢ" እያለች እንደሆነ ይሰማኛል።

በጁኑ ፈተና፣ በቃል በሚጠየቀው ላይ፣ ረዳት አስተማሪው አንድ የፊት እይታ ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ዕቃውንም በእጁ ይዞ "በዚህ በኩል የጎን እይታውን ሣዪ" አለኝ፣ በስተቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳየ።

"የት ቆሜ?" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እንደኛ ከሆነ ከግራ ቆሜ ነው። እንደ አሜሪካኖቹ ከሆነ ከቀኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ምልክት የለም፣ ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ጥግ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፉ የመሰሉኝ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ዓይናቸውን ገለጡ። "ሁለቱንም ትሣል" አሉ። ሣልኳቸው። በአንድ ጎኑ ብቻ ያለውን ቀዳዳ በአንደኛው ሙሉ፣ በሌላው የተቆራረጠ አደረግሁት። ፕሮፌሰሩ ተነስተው ቀርበው ካዩ በኋላ "ይህን ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። "አባቴ" አልኩ፣ "ሞዴል ሠሪ ነው።" ረዳቱ ጠመኔውን ይፈልግ ጀመር። ጠመኔው እጁ ላይ ነበር።

ዝርዝሩ ዛሬ ጠዋት ተለጠፈ። ስሜ ከላይ ሦስተኛ ነው። የስቶያንን እህት ልጅ እዚያው አገኘሁትና "ለአጎትህ ጻፍለት፣ ደምጃኑን ያጥበው" አልኩት።

ከማቅለጫው የተላከልኝ ንድፍም ደርሷል። ፓምፑን በኛ አገር ልማድ እንደገና ነድፈውታል፤ ጆሮው ወደ መንገድ ነው። ከታች ጥጉ ላይ ያለውን ሳጥን ታውቀዋለህ። "ሣለ" ከሚለው ፊት የነዳፊው ስም አለ። "አየ" ከሚለው ፊት ግን ባዶ ነው። ሥራ አስኪያጁ በጻፈልኝ ብጣሽ ወረቀት፣ ይህ ቦታ የዚህ ሁሉ ዓመት ያንተ ፊርማ ቦታ እንደሆነ፣ እኔ አልፈርምም፣ ወደ እሷ ይላክ እንዳልክ ነገረኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለመፈረም አንድ ቀን ሙሉ ፈራሁ።

ሳጥኑን ያተሙት ሰዎች ግን ሴት ታያለች ብለው አላሰቡም። "አየ" ነው የሚለው፣ ሁልጊዜም። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት በቀለም አንድ ፊደል ጨምሬበታለሁ። ሥራ አስኪያጁ ቅር ካለው ካንተ ጋር ይነጋገር።

ልጃችሁ ዳሪንካ


ሞራቫ ዳር፣ ጁላይ 5 ቀን 1964

ለልጄ ለዳሪንካ፣

መስመሩን እዪው። ቀጥ ብሏል። የጻፍኩት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የፈረምሽበትን ወረቀት ለማቅለጫው ከመመለሴ በፊት ቤት ከፈትኩት። ሩዢትሳ ላንብብልህ አለች፣ ከለከልኳት። መነጽሬን አድርጌ በር ላይ ወጣሁና ጥጉን አየሁት። "አየች" ይላል። ያቺን አንዲት ፊደል በራሴ ዓይን አየኋት፤ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አየኋት። ሥራ አስኪያጁም አየ። ቅር አላለውም፤ ለሚመጣው ዓመት ሳጥኑ ሲታተም ከ"አየ" ኋላ ለአንድ ፊደል የሚበቃ ቦታ እንዲተዉ አዘዘ።

ስቶያን ደምጃኑን በትከሻው ተሸክሞ አመጣ፣ በመንገዱ ሁሉ ሰው እያየው። "ለቲማቲሟ" ብሎ ጠጣ፤ እኔም ጠጣሁ። ያንቺን ድርሻ በጠርሙስ አሽገናል። ለሚሎራድ አንሰጠውም፣ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ። ስትመጪ መጀመሪያ ጉድጓዱ ጋ ሁለታችንም እንቆማለን፤ ከዚያ በኩል ቤቱ ቀለም ያስፈልገዋል፣ እስከ ዛሬ ያየው ሰው የለም።

አንድ ነገር ብቻ አለኝ። "ች"ን ከመስመር ትንሽ አውጥተሻታል፣ ዳገት ትወጣለች። በሚቀጥለው ንድፍ ላይ አስተካክለሽ ጻፊ።

አባትሽ ቦጎሉብ